በትንሽ ብር የጌም ኮምፒውተር መገጣጠም፦ ከጎጃም ልጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ለጓደኞቼ፣ ለጎረቤት ልጆች፣ ከዩኒቨርሲቲ ለሚመጡ ተማሪዎች የጌም ኮምፒውተር ስገጣጥም ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። ከባሕር ዳርም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከእንጅባራም ይደወልልኛል። የሚጠየቀው ግን አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሰብስቤ እዚህ መለስኩት።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ አልረጋ ብሏል። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ሰው ያሳስታል። በምትኩ ብሩ ለየትኛው ዕቃ ስንት እጁ ይሂድ የሚለውን እነግራችኋለሁ።

ያለኝ ብር ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?

ከሶኬቱ። ብዙ ሰው ከፕሮሰሰር (ሒሳቡን ከሚሠራው ዋና ቺፕ) ይጀምርና መጨረሻ ላይ የተረፈችውን ሳንቲም ለፓወር ሳፕላይ (ከሶኬቱ መብራት ተቀብሎ ለዕቃዎቹ ለሚያከፋፍለው ሣጥን) ያደርጋታል። እኛ አገር መብራቱ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ መጀመሪያ የፓወር ሳፕላይና የስታቢላይዘር ብር ለይቼ አስቀምጣለሁ። እሱን አልነካም።

ከዚያ ከቀረው ላይ ትልቁ ድርሻ ለግራፊክስ ካርድ ነው። ሲሶ፣ ሲበዛ ደግሞ ወደ ግማሹ ሊጠጋ ይችላል። ጌሙን የሚስለው እሱ ነው። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ራም (ጊዜያዊ ሚሞሪ) እና ኤስኤስዲ (ጌሙ የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ) ቀሪውን ይካፈሉ። ኬዝ መጨረሻ ነው። በመብራት የሚያብረቀርቅ ኬዝ አንድም ፍሬም (ካርዱ በሰከንድ ከሚስለው ምስል አንዱን) አይጨምርላችሁም።

ሱቅ ውስጥ «አይ7 ነው፣ አይ5 ነው» ይሉኛል። ትልቁን ቁጥር ልምረጥ?

አይሆንም። «አይ7»ና «አይ5» የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰሮች ስም ናቸው፤ ከ«አይ7» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቁ። አይ7-4770 እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ኮር አይ3-12100ኤፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022። ሁለቱም 4 ኮር (የሥራ ክፍል) እና 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ) አላቸው፤ ስማቸውን ብቻ ያየ ሰው አይ7ቱን ያነሳል። ጌም ላይ ግን አይ3ቱ በሰፊ ልዩነት ይበልጠዋል። ከሰረዙ በኋላ ከሚመጣው ቁጥር የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ስትተዉ የሚቀረው ትውልዱን ይናገራል፦ 4770 አራተኛ፣ 8500 ስምንተኛ፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው።

በሌላው የፕሮሰሰር ኩባንያ በኤኤምዲ በኩል ለትንሽ ብር የምመርጠው ራይዘን 5 5600ን ወይም 5600ጂን ነው። 6 ኮርና 12 ትሬድ አላቸው። የሚገቡበት ማዘርቦርድም ራሙም ከአዲሶቹ ይረክሳል።

ግራፊክስ ካርድ ሳልገዛ መጫወት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል ሳታዩ እንዳትገዙ። ኤኤምዲ ላይ 5600ጂ ሲል «ጂ»ዋ ግራፊክስ በውስጡ አለ ማለት ነው። «ጂ» የሌለው 5600 የለውም። ኢንቴል ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ «ኤፍ» ካለ ግራፊክስ የለውም።

አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ 12100ኤፍ ገዝቶ ካርዱን ወደፊት እጨምራለሁ ብሎ ገጠመው። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ተበላሽቷል ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። ዕቃው ምንም አልሆነም፤ ምስል የሚያወጣ ነገር ስለሌለው ብቻ ነው።

በ5600ጂ ጂቲኤ 5ን፣ ካውንተር ስትራይክ 2ን፣ ቫሎራንትን፣ ዶታ 2ን በዝቅተኛ ሴቲንግ በደንብ ትጫወታላችሁ። ከበድ ላለው ጌም ሬዞሉሽኑን (የምስሉን ጥራት) ወደ 720 ማውረድ አለ። ቅድመ ሁኔታው ግን ራሙ ሁለት ፍሬ መሆኑ ነው። ይህ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፤ ከራሙ ላይ ነው የሚበደረው። አንድ ፍሬ ራም ከሰካችሁለት መንገዱን በግማሽ አጠበባችሁበት።

የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ትመክራለህ?

በ1080 ስክሪን ለመጫወት፣ ብሩ ከፈቀደ፣ አርኤክስ 6600። 8 ጂቢ ሚሞሪ አለው፤ የሚበላው ወደ 132 ዋት ነው። ለእኛ መብራትና ለርካሽ ፓወር ሳፕላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብሩ ካነሰ ያገለገለ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጂቢ አለ። ጉልበቱ ዛሬም ያሳፍራል የሚባል አይደለም። ነገር ግን 185 ዋት ይጠጣል፤ ዕድሜውም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ነው። ስሙ ላይ «2048ኤስፒ» የሚል ካያችሁ ደግሞ እሱ በጉልበት ከ570 ጋር የሚስተካከል ነው። የ580 ዋጋ እንዳትከፍሉበት።

ፓወር ሳፕላያችሁ ደካማ ከሆነ ጂቲኤክስ 1650 አለ። 75 ዋት ነው የሚፈልገው፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ከፓወር ሳፕላይ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቁም፤ ከማዘርቦርዱ ብቻ ይበቃቸዋል። 4 ጂቢ ሚሞሪው ግን ለአዳዲስ ጌሞች እየጠበበ ነው።

አርኤክስ 6400ን ሰው ርካሽ ነው ብሎ ይወደዋል። እኔ ለአሮጌ ማሽን አልመክረውም። በማዘርቦርዱ ላይ ዳታ ለማመላለስ የሚጠቀመው 4 መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የማዘርቦርዱ የካርድ መሰኪያ የቆየው የፒሲአይ 3 ትውልድ ከሆነ ፍጥነቱ በግልጽ ይወርዳል።

ያገለገለ ካርድ ስገዛ ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ የነበረ ቢሆንስ?

ሊሆን ይችላል። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረቱን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ሲያቆም በዓለም ዙሪያ ብዙ ካርድ ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ወጥቷል። ማይኒንግ ላይ የነበረ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ቺፑ ይተርፋል፤ ቶሎ የሚደክመው ፋኑ ነው። ፋኑን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ የሚንቀጫቀጭ ወይም የሚይዝ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ።

ሳትፈትኑ ግን ብር እንዳትሰጡ። ካርዱ ማሽን ላይ ተሰክቶ ከበድ ያለ ጌም ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሩጥ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ፣ መስመር ወይም ብልጭታ ካለ ተዉት። የካርዱን ማንነት የምታሳይ ጂፒዩ-ዚ የምትባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌ ካርድ ስሙን በሶፍትዌር ቀይረው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ብለው የሚሸጡ አሉ። ፕሮግራሟ ብዙ ጊዜ ታጋልጠዋለች። ሻጩ «መብራት የለም፣ ነገ ና» ካለ ነገ ሂዱ። ብሩ ግን ኪሳችሁ ይደር።

የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቼ ካርድ ብጨምርበትስ?

በጣም ትንሽ ብር ላለው ሰው ከሁሉም የሚሻለው መንገድ ይሄ ነው። ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ በየከተማው አሉ፤ ጠንካራ ናቸው። ትልቁን፣ ቁመቱ የረዘመውን ታወር ፈልጉ። በጀርባው የሚተኛው ቀጭን ዓይነት አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚያስገባው፤ አጭር ካርድ ደግሞ አይገኝም፤ ከተገኘም ይወደዳል።

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ የብዙዎቹ ፓወር ሳፕላይ ቅርጹም መሰኪያውም የፋብሪካው የራሱ ነው። ከሱቅ ተራ ፓወር ሳፕላይ ገዝታችሁ ልትቀይሩት ብትሉ አይገጥምም። ስለዚህ በላዩ የተጻፈውን ዋት አንብባችሁ በሱ ልክ ካርድ ምረጡ፤ እዚህ ላይ ነው 1650 የሚያዋጣው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው በይፋ የሚቀበለው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ስድስተኛ ትውልድ ርካሽ ቢሆንም ይህን አውቃችሁ ግዙ።

ፓወር ሳፕላይ ላይ «500 ዋት» ተጽፏል። ይበቃኛል?

ትልቁን ጽሑፍ አትመኑ። ጎኑን ገልብጡና ትንሿን ሰንጠረዥ አንብቡ። እዚያ ላይ «+12 ቮልት» የሚል ዓምድ አለ። ከሥሩ ያለውን አምፔር በ12 አባዙት። 38 አምፔር ካለ 456 ዋት ነው፤ ይህ እውነተኛ 500 ነው ለማለት ያስደፍራል። 18 አምፔር ካለ ግን 216 ዋት ብቻ ነው፤ ትልቁ ጽሑፍ ምንም ይበል ምን። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚጠጡት ከዚህች ከ12 ቮልት መስመር ነው።

አርኤክስ 6600 እና 5600 ለያዘ ማሽን ሒሳቡ ቀላል ነው። ካርዱ 132፣ ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ 80 ገደማ፣ ሌላው ሁሉ ተደምሮ 50። ከ260 እስከ 270 ዋት ይመጣል። እውነተኛ 450 ወይም 500 ዋት ይበቃል፤ 750 አያስፈልጋችሁም። «80 ፕላስ» የሚል፣ መብራት ብዙ እንደማያባክን የሚመሰክር ምልክት ያለው ይሁን። በእጃችሁም መዝኑት፤ ባዶ ጣሳ የሚመስል ቀላል ከሆነ ውስጡም ባዶ ነው።

ሌላ አንድ ነገር፣ እባካችሁ። በአንዳንዱ ፓወር ሳፕላይ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች። በአንድ በኩል 115፣ በሌላ በኩል 230 ይላል። የኛ መብራት 220 ነው፤ 230 ላይ መሆን አለባት። እኔ አንዴ ሳላያት ሰካሁ። ጧ! ብሎ ፈነዳ፤ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ ቆጣሪው ወደቀ። የሰው ዕቃ ነበር፤ ከኪሴ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ ገመድ ከመሰካቴ በፊት እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ቀይ ማብሪያ ነው።

ስታቢላይዘር ልግዛ ወይስ ዩፒኤስ?

ሥራቸው ይለያያል። ስታቢላይዘር መብራቱ ሲዋዥቅ ወደ 220 ይመልሰዋል፤ መብራት ሲሄድ ግን እሱም አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲሄድ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል። ባለ 650 ቪኤ የሚባለው ዩፒኤስ በተጨባጭ 360 ወይም 390 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። ጌም ለመቀጠል አይደለም፤ ሴቭ አድርጎ በወጉ ለመዝጋት ነው።

አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ ስታቢላይዘር እላለሁ። ዕቃ የሚገድለው የመብራት መሄድ ሳይሆን አመጣጡ ነው። አምፖሉ ሲመጣ አንዴ ቦግ ብሎ ሲደምቅ አይታችኋል? ያቺ ቅጽበት ናት። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ ስኩ።

ምጣዱንም አስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። እናት እንጀራ ስትጋግር የቤቱ መብራት ደብዘዝ የሚለው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ከምጣዱ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ፈጽሞ እንዳይሰካ። ቢቻል በመጋገሪያ ሰዓት አለመጫወት ነው። እኛ ቤት ረቡዕና ቅዳሜ ማሽኑ ያርፋል።

ክረምት ላይ ደግሞ መብረቅ አለ። ከጮቄ በኩል ጉርምርምታ ስትሰሙ ስታቢላይዘሩን ተማምናችሁ አትቀመጡ። መብረቅን የሚያቆም ስታቢላይዘር የለም። የመብራቱን ሶኬት ንቀሉ፤ የኢንተርኔቱን ገመድም አብራችሁ ንቀሉ። በኢንተርኔት ገመድ በኩል ገብቶ ማዘርቦርድ ያቃጠለበት ሰው አውቃለሁ።

ራም ስንት ይበቃል?

16 ጂቢ፣ ባለ 8 ሁለት ፍሬ። ማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳ ካለው ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰካል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አይተካኩም፤ ጥርሳቸው ራሱ አይገጥምም። ገጥማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩ፤ ካልሆነ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም በ2400 ወይም በ2666 ሲሠራ ይኖራል።

ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከሎች ሚሞሪውን እየጠቀለሉ ስለሚገዙት ነው። ስለዚህ ጥሩ ያገለገለ ዲዲአር4 ካገኛችሁ አትናቁት። ራም እንደ ፋን የሚያረጅ ዕቃ አይደለም።

ኤስኤስዲ ወይስ ሃርድ ዲስክ?

ኤስኤስዲ። 500 ጂቢ ካገኛችሁ ጥሩ፤ ያለበለዚያ 256ም ያስጀምራል። ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን ሳታ (የቆየው ዓይነት) ለጌም ብዙ አትጨነቁ፤ ልዩነቱ በሰከንዶች ነው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካላችሁ ፊልምና ያልተጫወታችሁትን ጌም አኑሩበት።

ትልቅ ጌም 100 ጂቢ ያልፋል። ያን ሁሉ በሞባይል ፓኬጅ ማውረድ ከኮምፒውተሩ እኩል ያስወጣል። ስቲም ላይ የወረደ ጌም ከጓደኛ ማሽን በውጭ ዲስክ ወይም በቤት ኔትወርክ ገልብጦ፣ በራስ አካውንት ማስጀመር ይቻላል፤ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ጌሙን ግን ራሳችሁም ገዝታችሁ ወይም በነጻ የሚሰጥ ሆኖ ነው።

ማዘርቦርድስ?

ለ5600 ቢ450 ወይም ቢ550፤ ለ12100ኤፍ ኤች610 ይበቃል። ቢ450 አሮጌ ክምችት ከሆነ ባዮሱ ካልታደሰ 5600ን ላያውቀው ስለሚችል ሻጩ አድሶ ይስጣችሁ።

ቤት ያለው አሮጌ ሞኒተር ይሠራል?

ይሠራል። እንዲያውም ሬዞሉሽኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ ካርዱ ይቀለዋል። ችግሩ ገመዱ ነው። አሮጌዎቹ ባለ ሰማያዊ መሰኪያ ቪጂኤ ናቸው፤ ከ1050 ቲአይ ወዲህ ያሉት ካርዶች ላይ እሱ የለም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ መቀየሪያ ግዙ።

ገመዱን ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ስኩት። ካርድ ገዝቶ «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄው ነው።

በአንዴ መግዛት አልችልም። በየወሩ አንድ አንድ ዕቃ ልግዛ?

ይህን በጣም አስቡበት። በመስከረም ማዘርቦርድ፣ በኅዳር ፕሮሰሰር፣ በጥር ራም እየገዛ ያጠራቀመ ልጅ ነበር። ሁሉም ሲሟላ ማዘርቦርዱ አልነሳ አለ። ሱቁ የሰጠው የመመለሻ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ሳይፈተን ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ዋስትናው ዝም ብሎ ያልቃል።

እኔ የምለው፣ በሁለት ዙር ግዙ። በመጀመሪያው ዙር ብቻውን የሚሠራ ማሽን ይቁም፦ 5600ጂ፣ ማዘርቦርድ፣ ሁለት ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ለወደፊቱ ካርድ የሚበቃ ፓወር ሳፕላይ። በዚህ እየተጫወታችሁ፣ እየተማራችሁበት ቆዩ። በሁለተኛው ዙር ካርዱን ጨምሩ። ለዚህ እቁብ የመሰለ ነገር የለም። ጓደኛሞች ሆናችሁ ገብታችሁ፣ ዕጣው ሲወጣ ሙሉውን አንድ ቀን ገዝቶ አንድ ቀን መፈተን ነው። የጤፍ ሽያጭ የሚጠብቅ ቤተሰብም ካለ ያው ነው፤ ብሩ አንድ ላይ ሲገባ ግዙ፤ እየቆረሳችሁ አትጨርሱት።

ከዚሁ ልግዛ ወይስ አዲስ አበባ ልውረድ?

አዲስ አበባ ምርጫው ይሰፋል። ግን የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውን ደምሩ፤ ዕቃው ቢበላሽ ለመመለስ ከደብረ ማርቆስ 300፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ደጃችሁ ካለ ሱቅ ግዙ። ሲበላሽ ፊቱን የምታዩት ሰው መሆኑ ዋጋ አለው። እኔ ካርዱን ብቻ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፤ ሌላውን ከዚሁ።

ተገጣጥሞ የሚመጣ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱን ነቅላችሁ ለብቻ ያዙት። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ አባይ በረሃን አቋርጦ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ያለውን ጠመዝማዛ ታውቁታላችሁ። ከባድ ካርድ በዚያ መንገድ እየተንጠለጠለ ሲናጥ የማዘርቦርዱን መሰኪያ ይሰነጥቀዋል። ካርዱን መጀመሪያ የመጣበት ላስቲክ ውስጥ፣ ከዚያ ጋቢ ውስጥ ጠቅልሉና ጭናችሁ ላይ ይሁን። ኬዙ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አይጫን።

ሙቀትና አቧራስ?

ከፍታችን አየሩን ያሳሳዋል፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ግን አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይካካሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ከ5600 ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ማቀዝቀዣ ከበቂ በላይ ነው። ባሕር ዳር ሞቅ ይላል፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ፋን ይኑር።

ጠላታችን አቧራ ነው፤ በተለይ በበጋ። ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ በርጩማም ቢሆን ከፍ አድርጉት። ቡና የሚፈላበት፣ ከሰልና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥም አይሁን። ጭሱ ከአቧራው ጋር ተጣብቆ ፋኑ ላይ እንደ ቅባት ይጋገራል፤ በንፋስ ብቻ አይለቅም። በየሁለት ወሩ ከፍታችሁ በአዲስ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ። ፋኑን በጣት ይዛችሁ ነው የምትጠርጉት፤ እንዲሽከረከር አትተዉት።

ራሴ መገጣጠም እችላለሁ? ባይነሳስ?

ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው አንድ ባለ መስቀል ጠመንጃ መፍቻና ግማሽ ቀን ነው። ከመጀመራችሁ በፊት፣ በሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ፣ የኬዙን ብረት ንኩ። ወደ ኬዝ ከማስገባታችሁ በፊት ማዘርቦርዱን በካርቶኑ ላይ አስቀምጡና ፕሮሰሰር፣ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ራም ብቻ ሰክታችሁ አስነሱት። ግራፊክስ የሌለው ፕሮሰሰር ከሆነ ካርዱንም ጨምሩ።

ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ አትደንግጡ። ራሙን ነቅላችሁ «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ ስኩ። ከዚያ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችው ባለ 8 ሽቦ ገመድ መግባቷን እዩ፤ አብዛኛው ሰው የሚረሳት እሷን ነው። ከዚያ የሞኒተሩን ገመድ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እንቢ ካለ፣ ራሞቹን በተራ አንድ አንዱን ብቻቸውን ሞክሩ፤ ያኔም ካልሆነ ዕቃውን በገዛችሁበት ቀን ከነካርቶኑ ወደ ሱቁ መልሳችሁ ውሰዱት።